ፊልም ያየችው አንበጣ

እ.ኤ.አ. በ2005 ክሌር ሪንድ እና ፒተር ሲሞንስ የተባሉ የእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢግ ኖቤል ተሸለሙ። ኢግ ኖቤል መጀመሪያ የሚያስቅ፣ ቆየት ብሎ የሚያሳስብ ጥናት ላካሄዱ ሰዎች በየዓመቱ የሚሰጥ፣ ቀልድም ቁም ነገርም ያለበት ሽልማት ነው። የሁለቱ ሥራ ለአንበጣ ፊልም ማሳየት ነበር። ከ“ስታር ዋርስ” የተመረጡ ትዕይንቶችን ፊት ለፊቷ እያጫወቱ፣ በአንጎሏ ውስጥ ያለ የአንድ ሕዋስ የኤሌክትሪክ ምት መዘገቡ። ሽልማቱ የተሰጣቸው ደግሞ በሰላም ዘርፍ ነው።

ሽልማቱ በሚሰጥበት በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ የተሰበሰበ ሰው በዚህ ቢስቅ አይፈረድበትም። አንበጣ በወረራት በወሎዋ ሐርቡ ቢነገር ግን የሚስቅ የሚገኝ አይመስለኝም።

እኔ ኮምቦልቻ ባዮሎጂ የማስተምር፣ ደሴ የምኖር ሰው ነኝ። አጎቴ ደግሞ ከኮምቦልቻ ወረድ ብሎ ሐርቡ አጠገብ ማሽላ ያርሳሉ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ከአፋር በኩል ወደ ወሎ ቆላ ሲገባ ማሽላው እሸትነቱን ጨርሶ መድረቅ ጀምሮ ነበር፤ ገበሬ ከወፍና ከግሪሳ አድኖት፣ ማማ ላይ አድሮ ጠብቆት፣ ሊሰበስበው ጥቂት ሲቀረው። ሁለት ግራም ገደማ የምትመዝን አንዲት አንበጣ በቀን የራሷን ክብደት ያህል ትበላለች። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚያስላው፣ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊኖረው ይችላል፤ በአንድ ቀን የሚጨርሰውም 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል ነው። ይህን ቁጥር ለአጎቴ ብነግራቸው አይደነቁም። እሳቸው ከቁጥሩ በፊት አገዳውን አይተዋል።

ያን ሰሞን መንደሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ዋለ። ጅራፍ የሚያጮኸው፣ ጀሪካን የሚደበድበው፣ ነጠላዋን አውልቃ የምታውለበልበው፣ ዱዓ የሚያደርጉት ሼሆች፣ ጭስ የሚያጨሱት ልጆች፣ ሁሉም አንድ ማሳ ላይ ነበሩ። ከሰማይ መድኃኒት የሚረጨውን አውሮፕላን የሚጠብቅም ነበር፤ ንብ ያለው ሰው ደግሞ አውሮፕላኑንም ይፈራል። እኔ በሳምንቱ መጨረሻ ስወርድ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነበር። አጎቴ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው የነገሩኝ ግን እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

“ልጄ፣ ዳር ዳሩን እየሮጥህ ብትጮህበት ደንታም የለው። ፊት ለፊት ስትሄድበት ነው የሚነሣ። ተነሥቶስ የት ይሄዳል? አለፍ ይልና ከኋላህ ይቀመጣል።”

“ጩኸቱስ፣ አንቱ?” አልኳቸው።

“ጩኸቱ ለእኛው ነው፤ ልባችን እንዳይከዳን።”

በጩኸቱ በኩል አጎቴ ጥቂት አጋንነዋል። አንበጣ ጆሮ አላት፤ ያለውም ራሷ ላይ ሳይሆን ከክንፎቿ ሥር፣ በሆዷ የመጀመሪያ ክፍል ግራና ቀኝ ነው። ዳር ዳሩን መሮጥና ፊት ለፊት መሄድ ስለሚለያዩበት ነገር ግን ኒውካስል ያሉት ሰዎች በኤሌክትሮድ፣ ማለትም የሕዋስን የኤሌክትሪክ ምት በሚለካ ቀጭን ሽቦ፣ ያገኙትን እሳቸው በዓይናቸው አግኝተውታል።

ነገሩን ለማስረዳት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ ልጠቀም፤ በሥራዬ ምክንያት የማውቀው መንገድ ነው። ከፊት ወንበር ተቀምጣችሁ አንድ የጭነት መኪና ከታች ሽቅብ ወደ እናንተ ሲመጣ ይታያችሁ። ስፋቱ ሁለት ሜትር ተኩል ነው እንበል፤ ሁለታችሁም ተደማምራችሁ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሴኮንድ 10 ሜትር እየተቀራረባችሁ ነው። መቶ ሜትር ላይ ሳለ መኪናው በዓይናችሁ ውስጥ የሚይዘው ቦታ አንድ ዲግሪ ተኩል እንኳ አይሞላም። አምስት ሴኮንድ አልፎ ሃምሳ ሜትር ሲቀረው ሦስት ዲግሪ ገደማ ነው። በአምስት ሴኮንድ ውስጥ ምንም ያህል አላደገም። አሥር ሜትር ሲቀረው 14 ዲግሪ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ባለችው አንዲት ሴኮንድ ውስጥ መስታወቱን በሙሉ ይሞላዋል። ፍጥነቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በዓይን ውስጥ ያለው ምስል የሚሰፋበት ፍጥነት ነው። ቀስ ብሎ ይጀምርና መጨረሻ ላይ ይፈነዳል። በአጠገባችሁ አልፎ የሚሄድ መኪና እንዲህ አያደርግም፤ ምስሉ ወደ ጎን ይንሸራተታል እንጂ በሁሉም አቅጣጫ አይፈነዳም።

አንበጣ በአንጎሏ ግራና ቀኝ ከሁሉ አብልጦ ለዚህች ፍንዳታ የሚነቃ አንድ አንድ ግዙፍ የነርቭ ሕዋስ አላት። ተመራማሪዎቹ በምሕጻር ኤልጂኤምዲ ይሉታል። የአንበጣ ዓይን ውሁድ ዓይን ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ሌንሶች ጎን ለጎን ተደርድረውበታል፤ እያንዳንዱ ሌንስ የዓለምን አንዲት ጠባብ ቁራጭ ያያል። ከነዚህ ሁሉ የሚመጣው ምልክት ወደዚያ አንድ ሕዋስ ቅርንጫፎች ይወርዳል። ኦሼ እና ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1974 ሕዋሱን ለይተው ቅርጹን አሳይተዋል። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ብዙዎች ሕዋሱ ማንኛውንም ትንሽ ተንቀሳቃሽ ነገር የሚከታተል ይመስላቸው ነበር። ሪንድ እና ሲሞንስ እ.ኤ.አ. በ1992 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተሙት ሥራ ግን ሕዋሱ ከሁሉ አብልጦ የሚመልሰው ወደ አንበጣዋ ቀጥ ብሎ ለሚመጣ ነገር መሆኑን አሳዩ። የሚርቅ ነገር ሲሆን ምቱ ወዲያው ይከስማል። ፊልሙም የተመረጠው ለዚሁ ነው፤ የጠፈር መርከቦቹ ተመልካቹን ሊገጩ የሚመጡ የሚመስሉበት ትዕይንት ሞልቶታል።

እኔን ያስደነቀኝ አንድ ሕዋስ ይህን እንዴት ሊለይ እንደሚችል ነው። የአንድ ነገር ጠርዝ በዓይኗ ላይ ሲንቀሳቀስ፣ በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ “ንቃ” የሚል ምልክት ይወጣል፤ ከዚያው ቦታ ደግሞ ትንሽ ዘግየት ብሎ ወደ ጎረቤቶቹ “ዝም በል” የሚል ምልክት ይሰራጫል። ጠርዙ ቀስ ብሎ ከተጓዘ “ዝም በል” ይደርስበትና ያጠፋዋል። ጠርዙ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ከሄደ ግን ቀድሞት ያመልጣል፤ ሕዋሱም ይጮኻል። ቀጥ ብሎ የሚመጣ ነገር ጠርዙ እስከ መጨረሻው የሚፈጥን ስለሆነ ውድድሩን የሚያሸንፈው እሱ ነው። አንበጣዋ ራሷ ስትዞር ዓለም በሙሉ በዓይኗ ላይ ይንሸራተታል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ዓይነት ማፈኛ ሕዋሱን ጸጥ ያደርገዋል። በራሷ እንቅስቃሴ አትደነግጥም ማለት ነው።

ፋብሪዚዮ ጋቢያኒ እና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ ይህን በሒሳብ መረመሩት። የሕዋሱ ምት ከፍተኛ የሚሆነው ምስሉ የተወሰነ ስፋት ላይ ከደረሰ ከቋሚ ቅጽበት በኋላ ነው፤ የሚመጣው ነገር ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ይፍጠንም ይዘግይ። የሕዋሱን ምት የሚገልጸው ቀመርም የምስሉን የመስፋት ፍጥነት፣ ምስሉ በገዘፈ ቁጥር እያነሰ ከሚሄድ ሌላ ቁጥር ጋር የሚያባዛ ነው። በ2002 ባወጡት ጥናት ማባዛቱ የሚካሄደው እዚያው አንድ ሕዋስ ውስጥ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አቀረቡ። እኔ ማባዛት የተማርኩት በአለንጋ ነው።

ከዚያ ሕዋስ ምልክቱን የሚቀበል ሌላ ሕዋስ አለ፤ እያንዳንዷን ምት ሳያጎድል ተቀብሎ፣ ወደ ተቃራኒው ጎን ተሻግሮ፣ በአንገቷ በኩል ክንፍና እግር ወደሚታዘዙበት ክፍል ያወርዳታል። አንበጣዋ ከመዝለሏ በፊት የኋላ እግሮቿን አጥፋ፣ የሚያጥፈውንና የሚዘረጋውን ጡንቻ በአንድ ጊዜ ወጥራ፣ ጉልበቷ አካባቢ ባለው ጠንካራ ቅርፊት ላይ ኃይል ታጠራቅማለች። ከዚያ ማጠፊያው ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የጋቢያኒ ቡድን ጥናት ጀርባዋ ላይ በተጫነ ትንሽ የሬዲዮ ማስተላለፊያ ሕዋሱን በነፃነት ከምትዘልል አንበጣ ሳይቀር መዝግቦታል። ስትበር ከሆነ ደግሞ መልሱ ይለያል፤ ክንፏን ገትራ ወደ ታች ትወረወራለች። ወፍ ሲመጣባት ማለት ነው።

ስለ አጎቴ ማሳ ሳስብ ሁልጊዜ ግራ የሚያጋባኝ ሌላ ነገር ነበር። ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያባርረው የዋለ እንስሳ እንዴት አይለምድም? ዶሮ እንኳ ሁለት ሦስት ጊዜ “እሽ” ካሏት በኋላ ትንቅሃለች። መልሱን ያገኘሁት ከሌላ የጥናት መስመር ነው። ቦሪስ ኡቫሮቭ በ1921 እንዳሳየው ብቻዋን የምትኖርና በመንጋ የምትኖር አንበጣ ሁለት ዝርያ የሚመስሉ የአንድ ዝርያ ሁለት መልኮች ናቸው። ብቸኛዋ ተደባቂ ናት፣ ከብጤዎቿ ትሸሻለች። ከተጨናነቁ፣ ሰውነታቸው ከተነካካ፣ በሰዓታት ውስጥ ጠባያቸው ይለወጣል። በ2009 እንደታወቀው ለውጡን የሚጀምረው ሴሮቶኒን ነው፤ በሰው አንጎል ውስጥ ስሜትን ከሚነካው ጋር አንድ ንጥረ ነገር። በመንጋ ያደገችው አንበጣ አንጎል ከብቸኛዋ በሠላሳ በመቶ ገደማ ይበልጣል። ለእኔ ጥያቄ የሚበጀው ግን በ2004 የወጣው ነው፦ ያው ስለ መጪ ነገር የሚያስጠነቅቀው ሕዋስ በብቸኛዋ አንበጣ ውስጥ ነገሩ ሲደጋገምበት ቶሎ ይዳከማል፤ በመንጋዋ አንበጣ ውስጥ ግን ብዙም አይለምድም። በሚሊዮኖች መካከል የሚበር እንስሳ የሚገጨው ነገር በየቅጽበቱ ይመጣበታልና መላመድ አያዋጣውም።

እንግዲህ ሐርቡ ላይ የሆነው ይህ ይመስለኛል። መንጋው ሰው በመጣበት ቁጥር ይነሣል፣ በማግሥቱም እንደ አዲስ ይነሣል፤ ሰው ደግሞ “ሠራልን” ብሎ ይበረታታል። ግን የተነሣው ከአንድ ሰው አቅጣጫ ነው እንጂ ከማሽላው አይደለም። ሰውየው ካለፈ በኋላ በዓይኑ ውስጥ የሚሰፋ ነገር የለምና ይቀመጣል፤ አጎቴ “ከኋላህ ይቀመጣል” ያሉት። ማለዳ ቢሆን ደግሞ የሚነሣ አይኖርም፤ ፀሐይ ሰውነቱን ሳታሞቀው መብረር አይችልም።

በየመማሪያ መጽሐፉ ነፍሳት “ጎጂ” እና “ጠቃሚ” ተብለው ሁለት ረድፍ ይሠራላቸዋል፤ ተማሪ ያንን ሸምድዶ ይፈተናል። አንበጣ በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ነች፣ አበቃ። እኔም ለዓመታት እንዲሁ አስተምሬአለሁ፤ መርሐ ግብሩ ነውና። ነገር ግን ግጭት የሚያስቀር ሮቦት ለመሥራት የሚደክሙ መሐንዲሶች የዚችን “ጎጂ” ነርቭ አሠራር ቀድተው ሲሞክሩ ኖረዋል። የበረሃ አንበጣ በ1954 እስከ እንግሊዝ ደሴቶች ደርሶ ነበር፤ በ1988 ደግሞ ከምዕራብ አፍሪካ ውቅያኖስ አቋርጦ ካሪቢያን ገብቷል። ያም ሆኖ ኒውካስል የአንበጣ አገር አይደለም። የአንበጣ አገር የእኛ ነው። ኮንስታንዝ ያለው የጀርመን ቡድን በ2025 ያሳተመውን ጥናት ሲጀምር እንኳ ኬንያ ድረስ መጥቶ የ2020ውን ወረራ በሜዳ ቀርጿል። እነሱ ያገኙት፣ ኩብኩባው ሲተም ጎረቤቱ በሚሄድበት አቅጣጫ ዝም ብሎ የሚገፋ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ በዓይኑ ዒላማ እየመረጠ የሚወስን መሆኑን ነው። ያው ወረራ በዚያው ዓመት ወሎም ደርሶ ነበር። እዚህ የተቀረጸው በስልክ ነው፤ እሱም ለዘመድ ተልኮ ቀረ።

ሸረሪትን ሳላነሣ ብተወው ተማሪዎቼ ይታዘቡኛል። ክፍላችን መስኮት ላይ ድር የማይሠሩ፣ እየዘለሉ የሚያድኑ ትንንሽ ሸረሪቶች አሉ፤ ሰው ሲጠጋቸው ዞር ብለው የሚያዩ። “ቲቸር፣ አየኝ!” ይላሉ ልጆቹ፤ እውነታቸውን ነው። ማይክል ላንድ የተባለው እንግሊዛዊ ሳይንቲስት በ1969 ያወጣቸው ሥራዎች ይህችን ሸረሪት አስከብረዋታል። ስምንት ዓይን አላት። ስድስቱ በዙሪያዋ የሚንቀሳቀስ ነገር ይጠባበቃሉ፤ አንዳች ሲነቃነቅ ትዞርና ሁለቱን ትልልቅ የፊት ዓይኖች ትደቅንበታለች። እነዚህ ሁለቱ ረጃጅም ቱቦዎች ናቸው። ሌንሱ ከቅርፊቷ ጋር ተጣብቋልና ንቅንቅ አይልም፤ በቱቦው ጫፍ ያለችው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን ግን በስድስት ጡንቻዎች ወዲህ ወዲያ ትላለች። ሽፋኗ ቀጭን ሰንበር ስለሆነች ምስሉን በሙሉ በአንድ ጊዜ አትይዝም፤ እየዳሰሰች ታነበዋለች። ከላይ ስትመለከቷት ፍጹም ጸጥ ብላለች፤ ውስጧ ግን ዓይኗ እየተሯሯጠ ነው። በ2022 ደግሞ ገና ቅርፊታቸው ያልጠቆረ ጫጩቶች በሌሊት ሲቀረጹ፣ እነዚያ ቱቦዎች ተኝተው ሳለ ሲንቀጠቀጡ ታዩ፤ ሰው ሕልም በሚያይበት የእንቅልፍ ክፍል ዓይኑ እንደሚያደርገው።

ሽፋኗ አራት ድርብ ናት፤ ለምን እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ኖሮ በ2012 የጃፓን ተመራማሪዎች አንዱን ጥቅም አገኙ። አረንጓዴ ብርሃን በአንዱ ድርብ ላይ ጥርት ብሎ ሲያርፍ በሌላው ላይ ይደበዝዛል፤ ሸረሪቷ ርቀትን የምታሰላው ከዚያ ድብዛዜ ነው። ቀይ ብርሃን ብቻ ባለበት ክፍል ውስጥ ስሌቱ ተዛባና ዒላማዋ ጋ ሳትደርስ ወደቀች። የሸረሪቷን ጉዳይ ከአንበጣዋ አስበልጬ እወደዋለሁ ማለት እችላለሁ። አንበጣዋ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ እየመጣብኝ ነው? ሸረሪቷ ግን “ምንድን ነው?” ብላ ትመረምራለች። ሁለቱም አንጎላቸው እጅግ ትንሽ ነው።

አምና ከአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጋር የኒውካስሉን ሙከራ በአቅማችን ሞከርነው። ኤሌክትሮድ የለንም፤ የአንበጣ ዘመድ የሆነው ፌንጣ ግን በቦርከና ወንዝ ዳር ሞልቷል። አንድ ተማሪ በኮምፒውተር በነጭ ገጽ ላይ የሚያድግ ጥቁር ክብ ሠራ፤ በስልክ ላይ ጫንነው። ፌንጣውን እንጨት ላይ አስቀምጠን ስልኩን ከጎኑ እናቆማለን። ክቡ ሲያድግ አብዛኞቹ ዘለሉ ወይም ሰውነታቸውን ወደ እንጨቱ ደበቁ። ያንኑ ፊልም ወደ ኋላ ስናጫውተው፣ ክቡ እያነሰ ሲሄድ፣ ንቅንቅ ያለ አልነበረም ለማለት ይቻላል። ደሴ ወስጄ ቤቴ ስሞክረው ግን፣ ጦሳ ተራራ ላይ ጉም በወረደበት ጠዋት፣ አንዱም አልዘለለ፤ ቅዝቃዜው አደንዝዟቸዋል።

ከኋላ የሚቀመጥ፣ ብዙ የማይናገር ልጅ እጁን አወጣ። “ክቡ ሲያድግ እኮ ስልኩ ይጨልማል። የፈሩት ጨለማውን ቢሆንስ?” አለ። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው፤ ትልልቆቹ ቤተ ሙከራዎችም ሳያጣሩት አላለፉም። በማግሥቱ ክብ የሌለው፣ ገጹ በሙሉ በእኩል ፍጥነት ከነጭ ወደ ጥቁር የሚሄድ ሌላ ፊልም ይዞ መጣ። ሞከርነው። ጥቂቶች ተንቀሳቀሱ፣ የዘለሉት ግን በጣም አነሱ። ጠርዝ የለውማ።

ቀጥሎ የተነሣችው ልጅ ደግሞ ከግራም ከቀኝም እኩል ሁለት ክብ ቢመጣ ፌንጣው ወዴት ይዘላል ብላ ጠየቀች፤ ሕዋሱ በየጎኑ አንድ አንድ ነው ብዬ አስተምሬአቸው ስለነበር። ለዚህ ሙከራ ሁለት አንድ ዓይነት ስልክ ያስፈልጋል። አንዱ የእኔ ነው፤ ሁለተኛውን የሚያውሰን ወላጅ እየፈለግን ነው።